ጉደታ ደህና ነው

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማንም እንዳይጋራኝ። ከሰፈራችን ጫፍ አንድ አዛውንት ስላረፉ የእድር ሴቶች ጎህ ሲቀድ ተሰባሰብን። «የሺዓለምንም ይዘናት እንሂድ» ያልኩት እኔ ነኝ። ነጠላችንን ለለቅሶ ዘቅዝቀን፣ አምስት ሆነን በሯን አንኳኳን። የሹፌር ሚስት በር በዚያ ሰዓት እንዲያ ይንኳኳል? ምን ነካኝ!

ባሏ ጉደታ ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ያመላልሳል። የሺ በሩን ከፍታ አየችንና «ጉደታ?» ብቻ አለች። «ኧረ የሌላ ሰው ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ እሷ ግን ደረቷን ይዛ ደጃፉ ላይ ተዘረጋች።

በባጃጅ ክሊኒክ አደረስናት። መንጋጋዋንና ጀርባዋን ያማታል፤ ያስመልሳታል። ያያት ባለሙያ «ደንግጠው ነው፤ ጨጓራም ይኖርብዎታል» ብሎ ክኒን ሰጣት። ደሜ ፈላ። «ወንድ ደረቱን ይዞ ቢመጣ እንዲህ ትለዋለህ?» ብዬ አፋጠጥኩትና ሆስፒታል ወሰድኳት።

ዶክተር ፋና መርምራት፣ ልቧ በድንጋጤ ተዳክሞ ደም በደንብ እየረጨ አይደለም አለችን። «አእምሮ ሲደነግጥ ልብን በሆርሞን ያጥለቀልቀዋል። ይሄኛው ሕመም በብዛት የሚይዘው በእናንተ ዕድሜ ያሉ ሴቶችን ነው። አብዛኞቹ ይድናሉ። ብቻ አሁን ሌላ ድንጋጤ እንዳይጨመርባቸው።»

«የሺ፣ ጉደታ ደህና ነው» አልኳት።

«እንደዚያ ነው የሚባለው» አለች። «ጎረቤታችን ዘርፉ ሆስፒታል ተኝታ ወንድሟ የሞተ ጊዜ፣ ሳምንት ሙሉ ‹ደህና ነው› ያልናት እኔና አንቺ አይደለንም?»

በእኛ ዘንድ ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ እስኪሻለው ይደበቃል። ታዲያ እውነቱን በምን ልንገራት? ወደ ጉደታ ብደውል ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። ኧረ በማርያም! እየዋለ ሲሄድ እኔም ፈራሁ። እውነት ሞቶ ቢሆንስ?

አመሻሹ ላይ አነሳው። አፋር በረሃ መኪናው ተበላሽቶበት፣ ኔትወርክ አጥቶ ነው የዋለው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት።

«የሺዬ! እኔ ነኝ፤ ደህና ነኝ!»

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ስልኩን በእጇ ገፋችው።

«ወንድሙን ኢተፋን ነው ያስደወላችሁልኝ፤ ድምፃቸው አንድ ነው» አለች። «መቼ ቀበራችሁት?»

ጉደታ ከስልኩ ውስጥ «ኧረ እኔ ነኝ!» እያለ ይጮሃል። ራስጌዋ ያለው የልብ ማሽን መፍጠን ጀመረ።