በአበባው ላይ የተናገርኩበት ቀን

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ንጋት አሥራ አንድ ተኩል ኮረብታውን እንድንወጣ፤ ከዚያ በፊት፣ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ግምገማ። ኮረብታው ካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። አናቱ ላይ አንድ ቁጥቋጦ ስላልነበረ እኛ «ራሰ በራው» እንለው ነበር። እኔ የጓድ መሪ ነበርኩ፣ ዘጠኝ ሰው በሥሬ።

እዚህ ወረታ፣ ሩዝ መፈልፈያው በር ላይ የምትቀመጡ ወጣቶች «አያ ሙላቱ፣ ስንት ጣልክ?» ትሉኛላችሁ። ተዉኝ እስቲ! የጣልኩትን አልቆጠርኩም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ኮረብታው ሳይሆን ግምገማው ነው።

ግምገማ ማለት መኮንኑም ተራ ወታደሩም ክብ ሠርቶ ተቀምጦ የራሱንም የጓደኛውንም ድክመት የሚያወጣበት ነው። ያልተጻፈ ሕግ አለው። ያገርህን ልጅ ካልነካህ «ወንዜውን ይሸፍናል» ትባላለህ። ስለዚህ ንጹሕ መምሰል የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ያገሩን ልጅ ነው።

የኔ ያገር ልጅ አበባው ነበር። ሁለታችንም ከፎገራ፣ ከአንድ ቀበሌ ነን። ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው አብረን ከብት አሻግረናል፤ ሩዝ አረም ላይ ወገባችን እስኪቆረጥ ጎን ለጎን አጎንብሰናል። ከግምገማው አሥር ቀን በፊት አንድ የከባድ መሣሪያ ጥይት ምሽጉ ላይ አረፈና ከአበባው ግራና ቀኝ ሁለት ሰው ገደለ። እሱን ጭረት አልነካውም። ከዚያ ወዲህ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሲጠሩት አይሰማም፣ ቃል አይወጣውም። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ጠመንጃውን ጥሎ ከምሽጉ ወጣና ከኋላ፣ ውሃ መጫኛ መኪናው ሥር ተጠቅልሎ ተገኘ። በጠላት ፊት ምሽግ ጥሎ መሄድ ሞት እንደሚያስፈርድ ሁላችንም እናውቃለን።

በዚያው ሰሞን ሌላ ወሬ መጣ። በሠራዊቱ ውስጥ ላሉ የጤና ባለሙያዎች ልዩ አበል ተፈቀደ ተባለ። ለሐኪሙና ለነርሱ ለዳምጤ ሲሆን ይገባቸዋል አልን። ለሥነ ልቦና ባለሙያዋስ? መቶ አለቃ ራሔል ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ቀጭን ልጅ ነበረች። መርፌ አትወጋ፣ ቁስል አታስር፤ ወታደሩን ድንኳን ሥር አስቀምጣ ታነጋግራለች፤ አበባውንም ከተገኘ ወዲህ የምታየው እሷ ነበረች። ለኛ ሐኪም የተባለ ሁሉ ዶክተር ስለሆነ ዶክተር እንላታለን፤ ዘወር ስትል ግን «ለወሬም አበል ተጀመረ!» እያልን እንስቃለን። ከሁሉ አብዝቼ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። ሻምበላችን «ማን ይጀምራል?» አለ። አበባው ከኔ ሦስተኛው ላይ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። እጄን አወጣሁ።

«አበባው ፈሪ ነው» አልኩ። «ምሽግ ጥሎ ሸሽቷል። ያገሬ ልጅ ነው ብዬ አልሸፍነውም፣ ፍርድ ቤት ይቅረብ። መቶ አለቃ ራሔልም በልዩ አበላቸው ፈሪ እየደበቁልን ነው።»

«ትክክል!» አለ ከኋላ አንዱ። ሌሎችም ተከተሉ። ደረቴ ተነፋ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ራሔል ብድግ አለች። «ስለ አበሉ ልጀምር» አለች። «አዎ፣ ይከፈለኛል። የፈቀዱት በዚህ ሙያ እዚህ ድረስ የሚመጣ ሰው ስላጡ ነው። የምትጠሉትን ነገር ፊት ለፊት እንድነግራችሁ ከሆነ የሚከፈለኝ፣ ዛሬ ልሥራበት። አበባው ፈሪ አይደለም፣ ታሟል። እግሩ ተቆርጦ ቢሆን ሩጥ አትሉትም ነበር።»

ሻምበሉ ፊቱን አጠቆረ። «አታሎሽ ቢሆንስ?»

«ካታለለኝ እኔ ልጠየቅ። በፊርማዬ ይውጣ።»

«ነገ ውጊያ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ካወጣሁ እስከ ማታ አሥር ሰው ይታመምብኛል።»

«አሥሩንም አያቸዋለሁ።»

 ነርሱ፣ አስር አለቃ ዳምጤ፣ ጎኗ መጥቶ ቆመና «እኔም እፈርማለሁ» አለ። ዳምጤ ቀልደኛ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም። ሻምበሉ ደብተሩን ወረወረላት። ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈረመች። ፀሐይ ሳትጠልቅ አበባው በቁስለኛ መኪና ወደ ኋላ ሆስፒታል ተላከ። ሲሄድ አላየኝም፤ እኔም አልተሰናበትኩትም። እስከ ማታ ደግሞ የታመመ አልተገኘም፣ አንድም ሰው።

ንጋት አሥራ አንድ ተኩል ተነሳን። ጭጋግ ነበር። ለፎገራ ልጅ ዳገት ቅጣት ነው፤ ሜዳ ነው የለመድነው። ሳንታይ እስከ ወገቡ ወጣን። ከዚያ መትረየሱ ጀመረ። ተኛን። ተነሳን። ተኛን። ከግራዬ ከጓዴ ልጆች አንዱ፣ እንዳላማው፣ ወደቀ። «ውሃ» አለ። ኮዳዬን ስፈታ አለፈ። ዳምጤ ቁስለኛ ለመጎተት ሦስት ጊዜ ወደ ፊት ወጣ። በሦስተኛው አልተመለሰም። ረፋድ ሦስት ሰዓት ላይ ራሰ በራውን ያዝን።

የሞቱትን ቆጥሬ ሪፖርት እንዳደርግ ታዘዝኩ። አንዴ ስቆጥር አምስት ሆኑ፣ ሌላ ጊዜ ስምንት። እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ብል እጄ እምቢ አለኝ፣ ተንቀጠቀጠ። ኧረ በስመ አብ! ያኔ የአበባው ነገር ገባኝ።

ቀትር ላይ ራሔል ወጣች። ማንም አላዘዛትም፤ ከባዱ መሣሪያ ገና አላረፈም ነበር። አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። የዳምጤን ሞት ከነገሯት ቆይቷል፤ ዓይኗ ቀልቷል። ትናንት የተናገርኳትን ታነሳለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን «አብረን እንቁጠር» አለችኝ። «ቁጥሩን ተወው። ስማቸውን ጥራልኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

ጠራሁ። እንዳላማውን፣ ዳምጤን፣ ሁሉንም ጠራሁ። ሰባት ሆኑ። ሦስቱ የኔ ጓድ ልጆች ነበሩ። ዳምጤ ያን ልዩ አበል የተቀበለው አንዴ ብቻ ነው፤ እኛ ግን አበሉን ስንት ቀን አማነው። ሰባት ሞቱ ብዬ ሪፖርት አደረግሁ። እንደኔ አፍ ቢሆን ኖሮ አበባው ስምንተኛ ነበር፤ ያውም በወገን እጅ።

ብዙ ሰው ጀግና አይቻለሁ ይላል። እኔ ያየሁት ጀግና ጠመንጃ ሳይዝ፣ የተቆጣ ሻምበል ፊት ቆሞ «እኔ ልጠየቅ» ያለ ነው። ራሔል ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ያለችበት ይመቻት።

አበባው ወራት ታክሞ ተሰናበተ። ዛሬ ሩዙን ያርሳል፣ ሦስት ልጆች አሉት። ተገናኝተን እንስቃለን እንጂ ያን ቀን አናነሳም ነበር። ባለፈው በጋ ግን ወንዛዬ ፍል ውሃ አብረን ወረድን፤ ውሃው ውስጥ ጎን ለጎን እንደተቀመጥን አላስችል አለኝ።

«አበባው፣ ያን ቀን ግምገማው ላይ እኔ የተናገርኩትን...»

«የዶክተሯን ድምፅ ነው የሰማሁት» አለ አቋርጦኝ። «ሌላ አልሰማሁም።»

ከኔ ሦስተኛው ላይ ነበር የተቀመጠው። እኔም ጮኼ ነበር የተናገርኩት።

ጀርባውን አዞረልኝና «በል እሸኝ» አለ። አሸሁት።