ውርጭ የሚፈራው በለስ

ባሌን ከልቤ ያመሰገንሁት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ ያመሰገንሁት አህያዋን ነበር። ምስጋናዬ ከአህያዋ ተነሥቶ፣ በአንድ የበለስ ዛፍ በኩል አድርጎ፣ ዓመታት ፈጅቶ ነው እሱ ዘንድ የደረሰው።

የተወለድሁት ወረታ አጠገብ፣ ፎገራ ሜዳ ዳር ነው። ዛሬ ሩዝ የሞላው ያ ሜዳ በልጅነቴ ኑግና ጓያ፣ ሽንብራና ሣር ነበር። ክረምት ውሃው ሜዳውን ሲውጠው ከብቱን ወደ ተረተሩ እናወጣለን፤ ውሃው ሲሸሽ እንመልሰዋለን። ብርድ ማለት ለእኔ ንጋት ላይ ላም ሳልብ ጣቴን ቆንጠጥ የሚያደርገኝ ነገር ነበር። ጣሊያን ከወጣ ዐሥር ዓመት ካለፈ በኋላ ግን አባቴ ለደገኛ ዳረኝ።

ባሌ የጉና ግርጌ ሰው ነው። የእርሻ በሬ ፍለጋ ወደ ወረታ ገበያ ሲመላለስ ከአባቴ ጋር ተዋወቀ፤ በሬውንም ገዛ፣ እኔንም ጠየቀ። ከሁለታችን ማን እንደተሻለው ነግሮኝ አያውቅም።

ስሄድ አባቴ የሰጠኝ በለስ ነው። ቁልቋሉን ማለቴ አይደለም፤ ቅጠሉ እንደ መዳፍ ሰፍቶ የተሰነጣጠቀ፣ ሲቆርጡት ወተት የሚያወጣ፣ ፍሬው ማር ማር የሚለው የፈረንጅ በለስ ነው። ጣሊያን ትቶት ከሄደው አንድ ግቢ ቅርንጫፍ ቆርጦ አምጥቶ ነው ያጸደቀው። ጎረቤታችን ሸክላ ሠሪዋ ሴትዮ ደግሞ ገመድ የሚያዝበት ጆሮ ያለው፣ ሆደ ሰፊ ማድጋ ሠራችለት። እናቴ የማድጋውን ታች ገልብጣ ቀዳዳውን ስታይ ደነገጠች።

“ምነው እቴ! የሚያፈስ ማድጋ ለሙሽራ ይሰጣል?”

“ውሃ ልትቀዳበት አይደል” አለች ሸክላ ሠሪዋ። “የምትሸኙት ዛፍ ነው፤ ዛፍ ደግሞ ውሃ ከተኛበት ይሞታል።”

ደጋው ዝምተኛ አገር ነው። ባሌም እንደ አገሩ ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም ይባላል፤ በእሱ አፍ ግን እንኳን ዝምብ ነፋስም የሚገባ አይመስልም ነበር። እኔ ደግሞ ካላወራሁ የሚያመኝ ሰው ነኝ። ወፍራም ባና ደርቤ፣ ከምድጃው ሳልርቅ፣ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ይውላል። አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ከመደባቸው ላይ ሆነው ያዩኝና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። “የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ብዬ ነበር፤ የሚሰማኝ አጣሁ” ይላሉ፣ እኔ እየሰማኋቸው።

ከብርዱ የባሰው ናፍቆቱ ነበር። በዚያ ዘመን ያገባች ሴት እንዲሁ ብድግ ብላ ወደ እናቷ ቤት አትሄድም። ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለመጀመሪያ ልጅ ይኬዳል። ናፈቀኝ የሚባል ምክንያት የለም፤ ናፈቀኝ ያለች ሴት ከባሏ ተጣላች ተብላ ትታማለች። ስለዚህ ናፍቆቴን ለማንም አልተናገርሁም። ማድጋውን ፀሐይ ወዳለበት እያዞርሁ ለበለሱ ብቻ ነበር የማወራው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ጧት ስወጣ ግቢው ነጭቶ አገኘሁት። ውርጭ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ አይቼ አላውቅም። የበለሱ ቅጠሎች እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁረው ተንጠልጥለዋል። ማድጋውን አቅፌ ቁጭ አልሁና ድምፄን አውጥቼ አለቀስሁ። ለበለሱም ለራሴም ነበር የማለቅሰው፤ ሁለታችንም እዚያ የምንሞት መሰለኝ። ባሌ ከበረቱ ወጥቶ አየኝና ተመልሶ ገባ። በሆዴ ድንጋይ ነህ አልሁት።

በማግስቱ ጧት አህያዋ ደጅ ላይ ተጭና ቆማለች። በአንድ ጎኗ ማድጋው፣ በሌላው ጎኗ ገብስ የሞላ ስልቻ።

“ወዴት ነው?” አልሁ።

“ወረታ። ዛፉን አባትሽ ይዩት።”

“ገብሱስ?”

“ማድጋው ብቻውን ከተጫነ ያጋድላል። ማስተካከያ ነው።”

አማቴ ግን ከደጃፉ አልተነሡም። ሙሽራ ዓመት ሳይሞላት ለዛፍ ስትል ወደ እናቷ ቤት ስትሄድ ማን ሰምቶ ያውቃል! ደግነቱ የነፍስ አባታቸው በዚያ ጧት ሊጠይቋቸው መጥተው ነበርና ማድጋውን ጎንበስ ብለው አዩት። “ይህማ በለስ ነው። አዳም ዕርቃኑን በቀረ ጊዜ ቅጠሉን ሰፍቶ ያገለደመው” አሉ። አማቴ ይህን ሲሰሙ ብድግ አሉ።

“ኧረ በስመ አብ! አዳምን ያለበሰ ዛፍ በእኔ ደጅ በብርድ ይሙት? የማንን ኃጢአት ልሸከም! ቶሎ ውሰዱት!”

መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አድረን ወረድን። ቁልቁለቱ ግማሽ ላይ ባናዬን አወለቅሁ። ሜዳው ሲታየኝ፣ የእርጥብ አፈሩና የሽንብራው ሽታ ሲመጣ፣ የአህያዋን አንገት አቅፌ ሳምኋት። ያ ነው የመጀመሪያው ምስጋናዬ። ባሌ ዞር ብሎ አየና መንገዱን ቀጠለ።

አባቴ ማድጋውን ከአህያዋ አውርዶ በለሱን አየው። ግንዱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ላጥ አደረገና ተመለከተ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ የተሰነጣጠቀ ጉንጬንና የጠቆረ ከንፈሬን። ከዛፉ ይልቅ እኔን አይቶ የቆየ ይመስለኛል። በመጨረሻ ወደ ባሌ ዞረ።

“ልጄ፣ ይህ ዛፍ ከውርጭ ጋር አይሆንለትም። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ካልወረደ ይሞታል። እኛ ዘንድ ይቆይና የካቲት ላይ ትወስዱታላችሁ።”

“እሺ አባቴ” አለ ባሌ፣ ዐይኑን ከመሬት ሳይነቅል።

“እሷም አብራው ትምጣ። ዛፍ እጅ ያውቃል።”

“እሺ አባቴ።”

እንዲህ ሆነና የእኔ በለስ እንደ ፎገራ ከብት ወቅት እያየ የሚወርድና የሚወጣ ዛፍ ሆነ። ኅዳር ሲያልቅ እናወርደዋለን፤ ሁለት ገበያ፣ ሁለት ሳምንት ያህል እናቴ ዘንድ እቆያለሁ። ከዐቢይ ጾም በፊት ደግሞ ልንወስደው እንመጣለን። በዓመት ሁለት ጊዜ! እዚያ ደጋ ላይ ካሉት ሙሽሮች ይህ የደረሳት አንዲት ሴት አላውቅም። እናቴ ወንዛዬ ፍል ውሃ ትወስደኛለች። ከሙቁ ውሃ ገብቼ ዐይኔን ስጨፍን አጥንቴ ውስጥ የገባው ብርድ ሲለቀኝ ይታወቀኛል፤ እናቴ ጀርባዬን እያሸች ወሬ ታወራልኛለች፣ እኔም አወራለሁ፣ የዓመቱን ሁሉ። ተመልሼ ወደ ደጋ ስወጣ በለሱ ከጥጃዎቹ ጋጣ አጠገብ ይቀራል። ጎረቤቶች እንደነገሩኝ እናቴ በየጧቱ “እንዴት አደርህ” ትለው ነበር።

ማስተካከያውም አልቀረም። አንዳንድ ዓመት ገብስ፣ አንዳንድ ዓመት ድንች ነው። አንዴ ደግሞ ከበግ ጠጉር የተሠራ አዲስ ባና በስልቻው አፍ ብቅ ብሎ አየሁ። ባና ማድጋ ሲያስተካክል ያየሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እናቴ ስትለብሰው ልክ ሆናት። ባሌን “ምነው እንዲህ ያለ ስጦታ” ስትለው “ማስተካከያ ነው” ብሎ ወደ አህያዋ ሄደ።

ልጆች ወለድሁ። አንዱን አዝዬ ሌላውን አስቀድሜ ወረድሁ፣ ወጣሁ። ብርዱንም እየለመድሁት መጣሁ፤ ኅዳር እንደሚመጣ ያወቀ ሰው ሐምሌንም ይችለዋል።

ታዲያ አንድ ጥር ላይ፣ በለሱን ወረታ አድርሰን ከተመለስን በኋላ፣ ባሌ እግሩን ወለም ብሎት ተኛ። ላይኛው ማሳ ጥግ ያለውን የበጎች ጋጣ የሚያየው እሱ ብቻ ነበር፤ ዳገቱ ክፉ ስለሆነ አማቴም እኔም ወጥተን አናውቅም። ያን ቀን ድርቆሹን ተሸክሜ ወጣሁ። በጎቹን አብልቼ በጋጣው ጀርባ ስዞር፣ የድንጋይ ካቡን ተገን አድርጎ አንድ ዛፍ ቆሟል። ቅጠል የለውም። ግንዱ ግራጫ ነው፤ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ሥሩ ያለው ሣር ገና ውርጭ እንደለበሰ ነበር።

ጠረጠርሁና ቀጭኗን ቅርንጫፍ ቀጠፍሁ። ነጭ ወተት ጣቴ ላይ ወረደ።

ቅርንጫፏን ይዤ ቤት ገባሁ። እስከዚያ ቀን ባሌን እንደ ደንቡ አንቱ ነበር የምለው።

“አንተ! ይህ ምንድን ነው?”

እጄን አየ። “በለስ።”

“የማን?”

“ያንቺ ነዋ። ስናወርደው መንገድ ላይ የተሰበረችዋን ቅርንጫፍ ተክያት ነው።”

“መቼ?”

“በኩራችን ሳይወለድ።”

በኩራችን ደግሞ ይህን ስንነጋገር ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ ሆኖ ነበር።

“ውርጩስ?”

“ቅጠሉን ያስጥለዋል። ይተኛል እንጂ አይሞትም፤ መጋቢት ላይ ያቆጠቁጣል።”

“ታዲያ በየዓመቱ ምን አስወረደን?”

ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር መስሎኝ ነበር። ወዲያው ግን “አህያዋ መንገዱን ለምዳዋለች” አለ። ከዚያም ደጅ ፀሐይ ወደሚሞቁት እናቱ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ለእናቴ እንዳትነግሪ። ውርጭ እንደሚችል ካወቁ ሁለተኛ አያስወርዱሽም።”

እንጨት ላመጣ ነው ብዬ ወጣሁ። ከጎተራው ኋላ ቆሜ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅሁ። ድንጋይ ብየው ነበር። በየዓመቱ ከሥራው ተለይቶ፣ አህያ እየነዳ፣ ለማይሞት ዛፍ ሲወርድና ሲወጣ የኖረው ለእኔ ነበር፤ አንድም ቀን ይህን አድርጌልሻለሁ አላለኝም። እስከዚያ ቀን አከብረው ነበር። የወደድሁት ያን ቀን ነው፤ ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

የካቲት ላይ በለሱን ልንወስድ ስንወርድ አባቴን ለብቻው አገኘሁት።

“አባየ፣ ያን ጊዜ ግንዱን በጥፍርህ ስትልጠው ምን አየህ?”

“አረንጓዴ” አለ፣ ሳያመነታ።

“እንደማይሞት አውቀህ ነበራ!”

“ስለ በለስ እኔ ምን አውቃለሁ? የማውቀው ከብት ነው። ከብቱን ወደ ተረተሩ የምናወጣው ሊመለስ ነው። ወጥቶ እንዲቀር ብሎ ከብቱን የሚሰድ ሰው አለ?” ሜዳውን እያየ ሣቀ። “ደግሞ ባልሽን ሞኝ አታድርጊው። ያን ቀን ጥፍሬን ሲያይ አይቸዋለሁ።”

አረንጓዴውን ሁለቱም አይተው ነበር። አባቴ ይሞታል ሲል፣ ባሌ እሺ ሲል፣ እኔ መካከላቸው ቆሜ የዛፍ ነገር የሚነጋገሩ መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ኅዳር ውርጩ ቀድሞ ወረደ። አማቴ አርጅተዋል፤ ዐይናቸውም ደክሟል። እኔ እንደ ወትሮው “በለሱን እናውርደው” ማለት አቃተኝ። ሐሰቱን ካወቅሁ ወዲህ አፌ ተያዘ። ባሌም የሚያዘውን እንደሚጠብቅ ሰው ምድጃውን እያየ ተቀምጧል። በልቤ እናቴን ተሰናበትኋት።

አማቴ በትራቸውን መሬት ላይ መቱት።

“ውርጩ ወርዷል እኮ! ምን ትጠብቃላችሁ? የአዳምን ልብስ ልትገድሉት ነው?”

ባሌን አየሁት። እሱ ጣሪያውን አየ።

“እሺ እናቴ፣ ነገ እንወርዳለን” አልሁ።

በማግስቱ አህያዋን ስንጭን አማቴ ግድግዳውን እየዳሰሱ ወጡ። ከነጠላቸው ሥር ቅቤ የሞላ ቅል አወጡና ለእኔ ሰጡኝ። “ይህን ከስልቻው ጨምሩት” አሉ። “ለእናትሽ ነው። ማስተካከያው ቀለል እንዳይል።”

ሐሰቱን ያውቁ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ እጃቸውን ስሜ ተነሣሁ። በዚያ ዓመት ስልቻው ከማድጋው ከበደ። አህያዋ እስከ ወረታ ድረስ ወደ እናቴ ስጦታ እያጋደለች ወረደች።