የቺፑድ ግድግዳ

ለሚያንጠባጥበው ቧንቧዬ ጎሚኒ ልገዛ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገብቼ ወረፋ እጠብቃለሁ። ከፊቴ የቆመችው ሴት ስቱኮ ጠየቀች። በዚያ ሙቀት ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋዋለች። ጥፍሮቿ ሥር ነጭ ዱቄት ደርቋል።

«ዛሬም ሥዕል ልስቀል ስትይ ግድግዳውን ቦደስሽው?» አላት ባለሱቁ እየሳቀ። «እህቴ፣ አንቺና ሚስማር አልተስማማችሁም።»

«ቺፑድ አይደል፣ ቶሎ ይበሳል» አለችና እሷም ሳቅ አለች።

«ቀዳዳው ምን ያህላል?»

ጡጫዋን ጨብጣ አሳየችው። ከዚያ ራሷም አየችውና አነሰባት መሰለኝ፣ ሌላኛውን እጇን ደርባ አሰፋችው።

«ይህን ያህል። ግን ግድ የለም፤ ከኋላው ካርቶን እወትፍና ስቱኮውን ደጋግሜ እቀባዋለሁ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት እፈገፍገዋለሁ። እንግዳ ቢመጣ እንኳ አያውቀውም።»

ይህን ስትል ትንሽ ኮራ ብላ ነበር። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም።

«የኔ እህት፣ ሁልጊዜ ከምትለጥፊ ቺፑዱን አንስተሽ በብሎኬት አታሠሪውም? ግልግል ነው» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። ፈገግታዋ የለም። የስቱኮውን ከረጢት የምቀማት ይመስል ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«ኧረ ጋሼ፣ በብሎኬትስ አይሁን» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ብሎኬት ከሆነማ ባሌን እጁን ያመዋል፤ ግድግዳውን ይተወዋል።»