ፒያሳ የተገኘው ጨለማ ቁስ

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ መምህር ነኝ እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ የምሠራውን ለፒያሳ ሰው ለማስረዳት የሞከርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ባለችው ማኪያቶ ቤት፣ ባንኮኒውን ተደግፌ። ባሕር ማዶ፣ ከተራራ ሥር በተቆፈረ ጥልቅ ዋሻ ውስጥ ትልቅ ጋን አለ አልኳቸው። ጋኑ ውስጥ ዜኖን የሚባል ጋዝ ፈሳሽ እስኪሆን ድረስ ቀዝቅዞ ተሞልቷል። በዓለም ላይ ደግሞ ከከዋክብቱ ሁሉ የሚበዛ፣ ብርሃን የማያወጣ፣ የማይታይና የማይዳሰስ ጨለማ ቁስ የሚባል ነገር አለ ብለን እናምናለን። ከዚያ አንዲት ቅንጣት መጥታ ዜኖኑን ገጨት ብታደርገው ትንሽ ብልጭታ ትወጣለች። እኛ ያቺን ብልጭታ እንጠብቃለን። እኔም ከየአገሩ ከተሰበሰቡት ጠባቂዎች አንዱ ነኝ፤ የምጠብቀው ግን ከቤቴ፣ በኮምፒውተር ነው።

የቡና ማሽኑን የሚይዘው ሰውዬ፣ ስንጠብቅ ስንት ጊዜ ሆነን ብሎ ጠየቀኝ። ዓመታት አልኩት። መጥታ ታውቃለች ወይ አለኝ። አታውቅም አልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያ ቤት ሰላምታ ቀረ። በሩ ላይ ስደርስ «ዛሬስ መጣች?» ነው። አንዱ ለፖሊስ አመልክቼ እንደሆነ ይጠይቀኛል፤ ሌላው ደግሞ የምፈልገው ጨለማ ከሆነ መብራት ሲጠፋ እሱ ሰፈር ብቅ እንድል ይመክረኛል። የአራዳ ሰው ካልተረበ ያመዋል። እኔም ሳልተረብ የወጣሁ ቀን ማኪያቶው አይጥመኝም ነበር።

ከሁሉም የሚብሱት አጎቴ ነበሩ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ የጫማ ሱቅ ነበራቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ ሱቁም አብሮ ፈረሰና፣ «ከእንግዲህ እኔም ልረፍ» ብለው ወደ ተወለዱበት ደሴ ገቡ። ልባቸው ደክሞ ነበር፤ ምላሳቸው ግን ምንም አልሆነም። ዘወትር ዓርብ ከጁምዓ መልስ ይደውሉልኛል። ደህና ነህ ወይ የለም፣ ቤተሰብ እንዴት ነው የለም። ስልኩን እንዳነሳሁ «ተገኘ ወይ?» ይላሉ። አልተገኘም እላለሁ። ከዚያ ስድቡ ይጀመራል።

«እኔ ሱቅ ከፍቼ ደንበኛ ሳይመጣ ቢመሽ ከሰረ እባላለሁ» አሉኝ አንድ ዓርብ። «አንተ ስትሆን ጥናት ይባላል።»

«ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ተረት ከጥንት ጀምሮ ለእኔ ሥራ ታስቦ የተተረተ ይመስላቸው ነበር። ሆኖም ስልኩን ሳይዘጉ ሁልጊዜ አንድ ቃል ያስገቡኛል፦ የተገኘ ቀን ከማንም በፊት የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። ቴሌቪዥን ከቀደመኝ ይቅር አይሉኝም። ባለፈው ክረምት ልባቸው ሲብስባቸው ደግሞ፣ እሳቸውም የማይቀሩበት ሌላ ቀጠሮ ስላለባቸው እዚያ ዋሻ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ትንሽ እንዳጣድፋቸው አሳሰቡኝ። ስቄ ዘጋሁት። በልቤ ግን ፈራሁ። በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ስማችን ይጻፍ አይጻፍ ግድ አልነበረኝም፤ ለእሳቸው በሕይወት ሳሉ አንድ ዓርብ «ተገኘ» ማለት እፈልግ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሥራችን ደንብ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ብልጭታ ሁሉ የእኛ ብልጭታ አይደለም። ከብረቱ፣ ከድንጋዩ፣ ከአየሩ የሚመጣ ጨረር ጋኑን ቀኑን ሙሉ ይነካካዋል፤ ይህን ጫጫታ እንለዋለን። ሰው ደግሞ የተመኘውን ማየት ይወዳል፤ ዝም ብለው ከተዉት ጫጫታውን ሁሉ እንግዳ መጣ ይላል። ስለዚህ መረጃው ተከድኖ ይቀመጣል። ጫጫታው የቱ፣ እንግዳው የቱ እንደሆነ አስቀድመን ተስማምተን እንወስናለን፤ ከዚያ በተቆረጠ ቀን፣ ሁላችንም በተሰበሰብንበት፣ ክዳኑ ይነሣል። እስከዚያ ማንም አያይም። በአጋጣሚ ያወቀ ቢኖርም አይናገርም።

የክዳኑ ቀን ሐሙስ ተባለ። እኔ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ምግብ አስጠላኝ፤ ቤት ውስጥም የሚያናግረኝ ሲጠፋ ደስ ይለኝ ጀመር። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በላይ፣ እስካሁን ካልፈረሱት ጥቂት አሮጌ ቤቶች በአንዱ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ምን ሆነህ ነው ብላ ስትይዘኝ ደንቡን ከላይ እንደጻፍኩት አስረዳኋት። ያወቀውም ሰው ዝም ይላል? አለች። አዎ አልኳት። ሰውዬው ቢጨነቅበትም? ያኔማ ይበልጥ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከተማሪዎቼ መካከል ነገሩ በአንድ ጊዜ እንዲህ የገባው የለም።

ዓርብ ማለዳ እናቴ ደሴ የዘመድ ሰርግ አለብኝ ብላ በድንገት ተነሣች። ያን ዕለት አጎቴ አልደወሉም። ኔትወርክ ነው አልኩ። ማክሰኞ እናቴ ስትመለስ ድምፅዋ ተዘግቷል። የደሴ ብርድ ነው አለች፤ የደሴን ብርድ ስለማውቀው ተቀበልኩ። ሰርጉ እንዴት ነበር ስላት «ሰው ብዙ ነበር» አለችኝ። አጎቴስ አልኳት። ተኝተው ነው የተለየኋቸው አለች። አሁን ሳስበው አንድም የዋሸችኝ ቃል የለም፤ ከሰርጉና ከብርዱ በቀር።

ረቡዕ ማኪያቶ ቤት ገባሁ፤ ማንም ምንም አላለኝም። ማሽኑን የሚይዘው ሰውዬ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አስቀመጠልኝና ቁርስ በልቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። የሚደግፉት ቡድን ትናንት ተሸንፎ ይሆናል ብዬ አለፍኩ። ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስወርድ፣ ከአጎቴ ጎን ይነግዱ የነበሩ ጫማ ሻጮች ሲያዩኝ ብድግ አሉ። አዲስ ኮት ለብሼ ነበር፤ ኮቱ ነው አልኩ። ቤት ስመለስ ጎረቤታችን ሴትዮ በትልቅ ድስት ምስር ወጥ ይዛ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብላለች። የማኅበር ትራፊ ነው አለችኝ። ሙሉ ድስት ትራፊ አይቼ አላውቅም፤ ቢሆንም ወጡ ጥሩ ስለነበረ ነገሩን አልገፋሁበትም።

ለሁሉም ነገር ምክንያት ነበረኝ። ሙያዬ ነው። ያልተለመደ ነገር ስታይ አስቀድመህ የተለመደውን ምክንያት ፈልግ ተብዬ ነው ያደግኩት፤ ተማሪዎቼንም የማስተምረው ይህንኑ ነው። ከዋሻው በአንድ ሳምንት እንዲህ ያለ የብልጭታ ሰልፍ ቢመጣልን ኖሮ ዓለምን በደስታ እናደነቁር ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ሥር የመጣውን ሁሉ ጫጫታ ነው እያልኩ በየተራ ጣልኩት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰበሰብን። ከየአገሩ የተለቀሙ ፊቶች በየትናንሽ ሳጥኖቻቸው ውስጥ ተደርድረው እስትንፋሳቸውን ይዘዋል። ክዳኑ ተነሣ። ሥዕሉ ላይ ጫጫታው ይሆናል ባልንበት ቦታ ሁሉ ነጠብጣቡ እርፍ ብሎ ተቀምጧል። እንግዳዋ ብትመጣ ትቀመጥበታለች ባልነው ቦታ ምንም የለም። አንድ ሰው ሳለ። ከዚያ የቡድኑ መሪ ሴትዮ እጅግ ያማረ ውጤት መሆኑን አበሰረችን፤ የምንፈልገው ነገር የት እንደሌለ ከማንም በተሻለ እናውቃለን አለች። አጨበጨብን። ሌላ ሰው ዕቃ ጠፍቶት ኪሱን ሲፈትሽ እንዲህ አይጨበጨብለትም።

አዘንኩ፤ አልዋሽም። ግን ወዲያው ወደ ስልኬ ነው የሄድኩት። ተገኘ ባልልም፣ ቃል ቃል ነውና መጀመሪያ የሚሰሙት አጎቴ ናቸው። የምላቸውንም አሰናድቼ ነበር፦ አልተገኘም፣ ያልተገኘው ግን በከፍተኛ ጥራት ነው። ምን ብለው እንደሚሰድቡኝ ለመስማት ጓጉቼ ነበር። በዚያ ሰዓት ከሳቸው ስድብ በቀር የሚያጽናናኝ አልነበረም። ስልካቸው ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ዝግ ነው። ቻርጅ አልቆ ይሆናል አልኩ።

ወጥቼ ለእናቴ ክዳኑ ተነሣ፣ ሥራው አለቀ አልኳት። ምንም የቀረህ የለም? አለች። የለም። ሌላ ቀጠሮ? የለም አልኩ። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ሽንኩርት ልትገዛ መሰለኝ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። የእድሩ ዳኛ፣ ሽማግሌው፣ ከፊት ናቸው። ከኋላቸው ድስት ያመጣችው ጎረቤታችን፣ ጫማ ሻጮቹ፣ ሽርጡን ያወለቀው የማኪያቶ ቤቱ ሰውዬ። አንድ በአንድ ገብተው ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። በዚያ ሰዓት፣ እንደዚያ ሆኖ ሰው ደጅ ሲመጣ፣ ያገራችን ሕፃን እንኳን መርዶ መሆኑን ያውቃል። እኔ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና፣ ስለ ዋሻው ሊያጽናኑኝ የመጡ መሰለኝ። ስለ መጣችሁ አመሰግናለሁ፣ ይህን ያህል የሚያሳዝን አይደለም፣ ለሚቀጥለው ደግሞ ትልቅ ጋን እየታሰበ ነው ማለት ጀመርኩ። ጎረቤታችን አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «አጎትህን አላህ ወስዷቸዋል። ፈተናህን እስክትጨርስ ነው ዝም ያልነው።»

ቅዳሜ ነበር የተቀበሩት። እኔ ያን ዕለት ምን እሠራ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ጫጫታ እለይ ነበር። አለቀስኩ፣ እንደ ልጅ። ልቅሶው ጋብ ሲል ደግሞ ንዴት መጣ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ያውቁ ነበር። ማኪያቶ ቤቱ ያውቅ ነበር፣ ድልድዩ ያውቅ ነበር። የእኛ ቡድን ምስጢር ለመጠበቅ ያልሠራው የለም፤ ያም ሆኖ አንድ የሚያሾልክ ሰው አይጠፋም። ወሬ ሳያወራ ማደር የማይችለው ፒያሳ ግን አንዲት ቃል አላፈሰሰም። ወደ እናቴ ዞሬ እንዴት ታደርጊኛለሽ አልኳት።

«አንተ አይደለህ እስከ ቀኑ ማንም አያይም ያልከኝ?» አለችኝ በተዘጋ ድምፅዋ። «ያወቀውም አይናገርም አላልክም?»

ደንቡ የእኔ ነው።

የቀረውን የነገረችኝ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ነው። ለካ ያን ዓርብ ማለዳ የሮጠችው አጎቴ ሐኪም ቤት ገብተው ነው። ስትደርስ ነቅተው ነበር። ከጁምዓ በኋላ መደወል ስላልቻሉ እሷን ጠየቋት፤ ተገኘ ወይ? አሏት። እሷም ተገኘ አለቻቸው።

ልብ በሉ፤ ይህን ቃል ለማለት ስንት አገር፣ ስንት ሰው፣ ስንት ዓመት ሲፈራ ኖሯል። አንዲት ጥርጥር ቢጤ ስናይ እንኳን ስብሰባ ጠርተን፣ ተከራክረን፣ መልሰን እንውጣታለን። እናቴ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብላ ብቻዋን አወጀችው። አጎቴ የት ነው የተገኘው ብለዋል። እናቴ የተራራውን ስም አታውቅም።

«ፒያሳ» አለቻቸው።

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ አለችኝ። ሱቄን ባያፈርሱት ኖሮ አይወጣም ነበር አሉ፤ ይህን ሁሉ ዘመን ከጫማው ሥር ኖሯል። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በእኛ ሙያ ነውር ነው፤ ስሕተቱ እንደታወቀ በይፋ ማስተባበያ መውጣት አለበት። እኔ ግን የጠየቅኳት ሌላ ነገር ነበር። አምነውሻል ወይ አልኳት።

እሱን አላውቅም አለች። ቆይተው ግን፣ ታዲያ ራሱ ለምን አልነገረኝም ብለው ተቀይመው ነበር። እስከ ሐሙስ እንዳይናገር ደንቡ ይዞታል፣ ክዳኑ አልተነሣም ብላ አስረዳቻቸው። ትንሽ አሰቡና እጇን ያዙት።

«እንግዲያው እኔም አልሰማሁም» አሏት። «ሲደውል ነው የምሰማው።»

ማስተባበያውን እስከ ዛሬ አላወጣሁም።