አባባ አኮፋዳ ያነገቱ ሰሞን

አክስቴ ይመኙሻል ከደብረ ማርቆስ ስትደውል ሁልጊዜ የምትጀምረው ከጤናና ከዝናብ ነው። ያን ቀን ግን ሰላምታም አላስቀደመች። «ስንዱ፣ አባትሽ ደብረ ኤልያስ ውስጥ በየሰው ደጅ ሲለምኑ ታዩ» አለችኝ። 

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዳኛ ነበሩ። በሰፈራችን ሲያልፉ ሰው ከተቀመጠበት ይነሣላቸው ነበር። የጡረታ ደሞዝ አላቸው፣ ማርቆስ ላይ የራሳቸው ቤት አላቸው። እሳቸው ይለምናሉ? መጀመሪያ አክስቴ የተሳሳተች መሰለኝ፤ ቀጥሎ አባባ አእምሯቸውን የሳቱ መሰለኝ። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠየቅሁ፣ የልጆቼን ማጥኛ ክፍል አስለቅቄ አልጋ አስገባሁበት፣ በማግስቱም ተነሣሁ። ዓላማዬ አንድ ነበር፤ አባባን ይዤ አዲስ አበባ መመለስ።

ዓባይን ተሻግሮ

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ወጣ። አጠገቤ የተቀመጠች የቡሬ ነጋዴ ወዴት እንደምሄድ ስትጠይቀኝ «አባቴ ታመው ነው» አልኋት። ሌላ ምን ልበል? እሷም እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ የምታውቀውን ጸበል ሁሉ ስትነግረኝ መጣች።

የዓባይ በረሃ እንደ ልማዱ ካፖርት አስወለቀን፤ ደጀን ስንወጣ ደግሞ መልሶ አስለበሰን። ለምሳ ወርደን ሽሮ አዘዝሁ። የደጀን ሽሮ ቅቤው ከላይ ይንሳፈፋል፣ ድሮ ቢሆን ጣቴን ነበር የምልሰው። ሁለት ጉርሻ በልቼ ተውሁት። ከዚያ ወዲያ ያለውን የጤፍ ማሳና የሉማሜን ባሕር ዛፍ ዓይኔ አየው እንጂ ልቤ አላየውም።

ማርቆስ ስደርስ አክስቴ ነገሩን ከሥሩ ነገረችኝ። ደብረ ኤልያስ ያሉ አንድ የቅኔ መምህር ለጡረተኞች የሚሆን የትምህርት ጉባኤ ከፍተዋል። አባባ ይህን ሲሰሙ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ሄዱ። አክስቴም ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ከማየት ይሻላል ብላ ስንቅ ቋጥራ ሸኘቻቸው። ስንቁን ግን በማግስቱ በሰው መልሰው ላኩላት። «ይህን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ» አለች።

ደብረ ኤልያስ

ሚኒባሱ ከዋናው አስፋልት ወደ ግራ ታጥፎ ጠጠር መንገድ ሲይዝ አቧራው ከውጭ ይልቅ ከውስጥ በዛ። ለሦስት በተሠራው ወንበር ላይ ለአምስት ተቀምጠን፣ የአንዲት እናት ዶሮ ጭኔ ላይ እየተንደፋደፈች ደረስን። አንድ ቄስ ጠየቅሁ፤ የጡረተኞቹን ጉባኤ የማያውቅ ሰው የለም መሰለኝ፣ ወዲያው በመቋሚያቸው ጠቆሙኝ።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ከወይራ ጥላ በታች፣ ሽማግሎች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አባባን ያወቅኋቸው በኮታቸው ነው። ችሎት የሚቀመጡበት ጥቁር ኮት ነው፤ በላዩ ላይ ግን እንደ ቆሎ ተማሪ የበግ ቆዳ ደርበውበታል። በትከሻቸው ከሳር የተሠራ አኮፋዳ፣ ያ ተማሪ ለምኖ ያገኘውን የሚከትበት ከረጢት፣ ተንጠልጥሏል። ፊት ለፊታቸው የተቀመጡት የኔታ በዕድሜ ከእሳቸው ያንሳሉ።

«ምኅረቴ፣ ያልከው አልተያዘልኝም። ተነሥተህ ድገመው» አሉ የኔታ፣ አባባን በስማቸው ጠርተው።

ክው ብዬ ቀረሁ። አባቴን «አንተ» የሚል ሰው በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። አባባ ግን ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና «እሺ፣ የኔታ» አሉ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ሲያዩኝ ደስ አላቸው፤ የማፈር ምልክት አልነበራቸውም። እኔ ግን እንባዬ ቀደመኝ። ማን እንዳስራባቸው ጠየቅሁ። ማንም እንዳላስራባቸው፣ ደንቡ እንደሆነ፣ አብረዋቸው የሚማሩት የፖሊስ መቶ አለቃና የሒሳብ አስተማሪም እንደሚለምኑ ነገሩኝ። ይህ መጽናኛ ከሆነ ለእኔ አልሆነኝም። ወደ የኔታ ዞሬ እነዚህ ደሞዝ ያላቸው ሰዎች እኮ ናቸው አልሁ፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር።

የኔታ አልተቆጡም። «ልጄ፣ እዚህ የመጣ ሁሉ ተማሪ ነው» አሉ። «ሹመቱንም ጡረታውንም ውጭ አስቀምጦ ነው የሚገባ። ሰው ደጅ ቆሞ የማያውቅ ምን ቅኔ ይወጣዋል?» ቀጥለውም ወደ አባባ ዞር ብለው ስለ አያ ውበቱ ደጅ ምን እንዳሰቡ ጠየቋቸው። አባባ አንገታቸውን ደፉ።

ነገሩን በኋላ ነው የተረዳሁት። ተማሪዎች የሚለምኑበት መንደር ተከፋፍሎ ይሰጣቸዋል፤ ከተሰጠው ደጅ አንዱን መዝለል ክልክል ነው። ባላገሩም ተማሪ ደጁን ከዘለለው እንደ ንቀት ይቆጥረዋል። አባባ ግን ከጀመሩ አንሥቶ አንድ ቤት ይዘልሉ ነበር። አያ ውበቱ የሚባለው ገበሬ ከጎረቤቱ በድንበር ተጣልቶ ሰው ባቆሰለ ጊዜ እስር የፈረዱበት አባባ ነበሩ። አሁን ሰውየው የኔታ ዘንድ መጥቶ አመልክቷል፤ «እንጀራዬ ምን ነውር አለበት?» ብሎ።

«ፍርዱ ልክ አልነበረም?» አልኋቸው።

«ልክ ነበር። ዛሬም ቢሆን ያንኑ እፈርድ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ይዘሉታል?»

«ፈርቼው ነው» አሉኝ።

ከመለመናቸው ይልቅ ይህ አስደነገጠኝ። አጋጣሚውን ተጠቅሜ አልጋ እንዳዘጋጀሁላቸው፣ ነገውኑ አብረን እንድንሄድ ለመንኋቸው።  እሳቸውም «ነገ እሱ ደጅ እቆማለሁ። ካባረረኝ አብሬሽ አዲስ አበባ እገባለሁ። ካላባረረኝ ትተይኛለሽ» አሉ። እሺ አልሁ። እውነቱን ልናገር፣ እንዲያባርራቸው ተመኘሁ።

የአያ ውበቱ ደጅ

ማለዳ የሌሊቱን ዝናብ ጭቃ እየረገጥሁ ከኋላቸው ተከተልሁ። ውሾቹ የሕግ ሰው አያከብሩም፤ አባባ በዱላቸው እየመከቱ ጀርባቸውን ለአጥር ሰጥተው ሲሄዱ ሳቄም ልቅሶዬም አንድ ላይ መጣ። በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላሉ፤ ስለ ማርያም ስም ማለት ነው። አንዷ እናት የትናንት እንጀራ፣ አንዷ እፍኝ ቆሎ፣ አንዷ ደግሞ ቤት አቀፍ ምርቃት ሰጠቻቸው።

የመጨረሻው የአያ ውበቱ ቆርቆሮ ቤት ነበር። አባባ ደጁ ላይ ካለው ዛፍ ሥር ቆሙ። ያ ችሎቱን ጸጥ የሚያሰኘው ድምፃቸው አልወጣ አለ።  ሁለቴ ሞከሩ፣ አልሆነም። እኔ ሄጄ እጃቸውን ልይዝ ስል ከውስጥ «ማነህ?» የሚል ድምፅ መጣ።

«ተማሪ ነኝ» አሉ አባባ።

አያ ውበቱ ወጣ። ሽበታም፣ ረጅም፣ ጋቢውን ያጣፋ ሰው ነው። አያቸውና ተመልሶ ገባ። አለቀ፣ አባረራቸው አልሁ በልቤ። አባባም ዱላቸውን አንሥተው ሊዞሩ ሲሉ በሁለት እጁ ትኩስ የስንዴ ዳቦ ይዞ ብቅ አለ። ተማሪ ትኩስ ዳቦ አይሰጠውም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ።

አባባ አጎንብሰው አኮፋዳቸውን ከፈቱ። እሱ ግን ዳቦውን ይዞ ቆመ።

«ያኔ እፊትዎ ስቆም ቀና ብለው አላዩኝም» አለ። «ወረቀትዎን እያዩ ነው የፈረዱብኝ። ዛሬ ቀና ይበሉ።»

 አባባ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ሁለቱ ሽማግሎች ተያዩ። አባባ «ልክ ነህ፣ አላየሁህም» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። አያ ውበቱ ዳቦውን ራሱ አኮፋዳው ውስጥ አስገባና አፉን ቋጠረላቸው።

«ነገም ይምጡ» ብሎ ገባ።

መመለሻ

አባባ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ቃሌን ማጠፍ እንደማልችል ሁለታችንም እናውቅ ስለነበር ስለ አልጋው አላወራንም። ከዳቦው ግማሹን ቆርሰው ሰጡኝ፤ ዓባይ በረሃ ላይ በላሁት። ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። ትምህርት ለልጅና ለወጣት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ሰው አርጅቶ ፊት ማየት ሊማር ይችላል ብሎ ማን አሰበ?

ቤቴ ስገባ መሽቷል። ትንሿ ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ ከኋላዬም ሰው ፈለገች።

«አያታችንስ?»

«ትምህርት ቤት ናቸው» አልኋት።