የሊቀመንበሩ ሻንጣና ዘጠኝ መቶው ሙከራ

ትናንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሻንጣውን ቁጥር ረስቶ ሲብሰለሰል አገኘሁት። በግራ ሦስት ቁጥር፣ በቀኝ ሦስት ቁጥር ያለው ዓይነት ሻንጣ ነው። «አንድ ሚሊዮን ጊዜ መሞከር አለብኝ፤ ብተወው ይሻላል» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ሚሊዮን አይደለም። ግራው ለብቻው ይከፈታል፤ ቀኙም ለብቻው። ለግራው ቢበዛ ሺህ ሙከራ፣ ለቀኙ ቢበዛ ሺህ ሙከራ... ሁለት ሺህ። መደመር ያለበትን ማባዛት ማን እንዳስተማራችሁ አላውቅም።

ይህን ስህተት መጀመሪያ የሰማሁት በደርግ ጊዜ፣ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ላሊበላ የሂሳብ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ ነው። አርብ ነበር። እሑድ ወልድያ ላይ ቀለበት ላስር ነው። አማቴ የሚሆኑት ሰውዬ «በቀጠሮው ካልተገኘ ልጄን አልሰጥም» ብለው ልከውብኛል። የጭነት መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ ለሳምንት ሌላ የለም። ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ደግሞ ኬላው አያሳልፍም።

ወረቀቴ ተጽፏል። የቀረው ማህተም ነው። ማህተሙ ያለው የቀበሌው ሊቀመንበር ሻንጣ ውስጥ ነው... ሻንጣው ደግሞ እንደ ባልደረባዬ ሻንጣ ግራና ቀኝ በቁጥር ተቆልፏል።

ከሊቀመንበሩ ጋር አልተስማማንም ነበር። ባለፈው ወር በአሥራ ሁለት፣ ሚካኤል ነው ብዬ እርከን ሥራ ሳልወጣ ቀረሁ። በውይይት ክበብ ሰው ፊት አቆመኝና «ቀን ሁሉ ቀን ነው። አሥራ ሁለት ከአሥራ አንድ በምን ይበልጣል?» ሲል ጠየቀኝ። የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። «በአንድ» አልኩት። አንድ ጊዜ ስለ ሚካኤል፣ አንድ ጊዜ ስለ መልሴ፣ ሁለቴ ግለሂስ አደረግሁ።

የዚያን አርብ ሰውዬው መነጽር የለውም። በዋዜማው ከብልባላ ሲመለስ ከበቅሎ ወድቆ ተሰብሮበታል። ያለ መነጽር እነዚያን ደቃቅ ቁጥሮች አያያቸውም።

«እርስዎ ይንገሩኝ፤ እኔ አዞረዋለሁ» አልኩት።

ወረፋ የያዝነውን ሰዎች ዞር ብሎ አየን። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሊገዙ የሚሄዱ አንድ አባ አሉ። አራስ ልጇን ልትጠይቅ የምትሄድ፣ ዶሮ ያቀፈች ሴት አለች። የመኪናው ሹፌርም ቆሟል።

«ረሳሁት» አለ ሊቀመንበሩ።

«መፍቻ ላምጣና ልፈልቅቀው?» አለ ሹፌሩ።

«የመንግሥት ንብረት ነው።»

«እንግዲያው ልሞክር» አልኩ።

«አንድ ሚሊዮን ነው እኮ ጓድ መምህር።»

«ሁለት ሺህ ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

ትንሽ አሰበና «በዜሮ አይጀምርም። እሱን ዝለለው» አለኝ።

ደስ አለኝ። ከሺው ላይ መቶ ተቀነሰልኝ። ዘጠኝ መቶ ሙከራ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሴኮንድ... አርባ አምስት ደቂቃ። ግራውን ይዤ ከ999 ቁልቁል ጀመርኩ።

አባ ከጎኔ ተቀምጠው በመቁጠሪያቸው ይቆጥሩልኛል። ስድስት መቶዎቹ ላይ ስደርስ አውራ ጣቴ ተላጠ።

«እንዴው ምን በደልከው እንዲህ የሚያስፈጋህ?» አለች ሴትዮዋ።

«ሚስት ሊያገባ ነው» አለ ሹፌሩ። «ይልመደው።»

100 ላይ ደረስኩ። አልተከፈተም።

«ዘጠኝ መቶ ሞላ» አሉ አባ። የእኔም ቆጠራ ዘጠኝ መቶ ነው። አምስት ሰዓት አልፏል።

ያኔ ነው የነቃሁት። ክፍል ውስጥ ተማሪ እንዲህ ቢሸወድ ጆሮውን እቆነጥጠው ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር... ቁጥሩን ከረሱት፣ በዜሮ እንደማይጀምር በምን አወቁ?»

ሊቀመንበሩ መስታወት የሌለውን የመነጽሩን ፍሬም አውጥቶ መጥረግ ጀመረ።

«ከታች ጀምር ልጄ» አሉኝ አባ፣ ቀና ሳይሉ። «ሩቅ አትሄድም።»

000... 001... 002... 011 ላይ ሳብኩት። እምቢ አለ። 012 ላይ ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ፣ «በአሥራ አንድ አልተከፈተም። በአሥራ ሁለት ተከፈተ።»

ሴትዮዋ እልልታዋን ስታቀልጠው ዶሮዋ ከእጇ አመለጠች።

ከዚያ በኋላ ሺህ የሚባል ነገር ቀረ። ወሩ ሠላሳ ቀን ነው፤ ለቀኙ ቢበዛ ሠላሳ ሙከራ። ሰው ግን ሠላሳውንም የሚጠብቅ አልሆነም።

«ገብርኤል ነው፤ አሥራ ዘጠኝ በለው» አለ ሹፌሩ።

«ወግድ፣ ላሊበላ ተቀምጦ ጊዮርጊስን ይተዋል? ሃያ ሦስት በለው» አለች ሴትዮዋ ከጠረጴዛው ሥር፣ ዶሮዋን እያባረረች።

«ሃያ አንድ» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ሊቀመንበሩ ነው።

«የማርያም... ሻንጣውን የገዛሁ ጊዜ እናቴ ናት የመረጠችልኝ። እነዚህን አትረሳም ብላ።»

021 አልኩት። ተከፈተ። ማህተሙን አወጣሁ፤ እሱም በዳበሳ መታልኝ። ወረቀቱ ላይ ገልብጦ ነው የመታው፤ ያን ቀን ግን ምንም አላልኩም። ወረቀቴን ይዤ ልወጣ ስል እጅጌዬን ያዘኝ።

«ጓድ መምህር... ይሄ ነገር...»

«የቱ ነገር?» አልኩት። «ረሳሁት።»

እሑድ ቀለበቴን አሰርኩ። መንገዱን ሙሉ ግን ከአባ ጋር ስንጨቃጨቅ ነው ወልድያ የገባነው። እሳቸው ከታች ስንጀምር በአሥራ ሁለተኛው ሙከራ ተከፈተ ይላሉ። በአሥራ ሦስተኛው ነው። ዜሮም ይቆጠራል።