የቆዳዬ ጉዳይ በፈረሰኞች ሸንጎ

የእንጅባራ ሰው ይመስክር፤ ያን ሰሞን ጋቢዬን ሳራግፍ ጎረቤቶቼ በረዶ ጣለ ብለው የተሰጣ ገብሳቸውን ያስገቡ ነበር። ቆዳዬ እንዲያ ይረግፍ ነበር።

ወጣቷ ሐኪም፣ «አባባ፣ የሰውነትዎ ዘበኛ የገዛ ቆዳዎን ጠላት መስሎት እየወጋው ነው» አለችኝ። ቅባት ሰጠችኝና ጥያቄዬ ሲበዛባት ጨመረችልኝ፦ «በሁላችንም ቆዳ ውስጥ፣ ሐሺሽ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር የሚቀበሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። በእነሱ በኩል የዘበኛውን ቁጣ ማብረድ ይቻል እንደሆነ ገና እየተጠና ነው። እርስዎ ግን ቅባትዎን ብቻ ይቀቡ።»

ይህን ሰምቼ እንዴት ዝም እላለሁ? ገበያ መሃል «ቆዳዬ ሐሺሽ ያውቃል» ብዬ አወራሁ። በሦስተኛው ቀን የፈረሰኞች ማኅበራችን ሽማግሌዎች ጠሩኝ። የፈረስ በዓሉ ሳምንት ቀርቶታል፤ ከማኅበሩ ከተባረርኩ ሌላው ሲጋልብ እኔ ከዳር ቆሜ ማየቴ ነው።

«ሐሺሽ ጀምረሃል ይላሉ» አሉኝ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰብሳቢ፣ ፊታቸውን አጥቁረው።

«እኔ አልጀመርኩም፤ የሚቀበለው ቆዳዬ ነው። የእርስዎም ይቀበላል፣ የቄሱም።»

አጠገባቸው የተቀመጡት ቄስ እጃቸውን ቀስ ብለው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። የሳቀ የለም። ሐኪሟ ያለችውን ከሥሩ ነገርኳቸው።

«እንግዲያስ ጥፋት የለብህም» አሉ ሰብሳቢው በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ፦ «ሐኪሟን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ዳማ ፈረሴ ሰሞኑን ገላውን እየታከከ አጥሬን ጨረሰው። ፈረስም ቆዳው ውስጥ ይህ ነገር አለው ወይ?»